ኖቼን ጋርደሻታል

በዚህ ቤት እኔ የተናገርኩትን የሚያምን ሰው የለም። አይጧ አፍ አውጥታ ብትናገር ግን ቁጭ ብለው ይሰሟታል። የሽቦውን በር ዘግቻለሁ አልኩ፤ አልዘጋሽም አሉኝ። መቀርቀሪያውን በእጄ ጥዬ፣ ነካ ነካ አድርጌ፣ መያዙን አይቼ ነው የወጣሁት አልኩ፤ ረስተሽው ነው አሉኝ። እኔ የምረሳ ሰው አይደለሁም። እዚህ ሮማ፣ ፓሪዮሊ በሚሉት የሀብታም ሰፈር፣ ስንት ዘመን የሰው ቤት ሳገለግል አንድ ቀን ጋዝ ሳላጠፋ፣ አንድ ቀን መስኮት ሳልዘጋ ወጥቼ አላውቅም። ትምህርት ቤት አልገባሁም እንጂ ጭንቅላቴን ማንም አልወሰደብኝም።

አይጥ የምላት እኔ ነኝ። እነሱ ካኔ ዴላ ፕራቴሪያ ይሏታል፤ የሜዳ ውሻ ማለት ነው። ውሻነቷን እስከ ዛሬ አላየሁም። ፍልፈልና ሽኮኮ ተጋብተው ቢወልዱ እሷን ነው የሚወልዱት። ድብልብል ያለች፣ አሸዋ የመሰለች፣ የፊት ጥርሷ የወጣ፣ የጭራዋ ጫፍ ጥላሸት የነካው የሚመስል። ዘሯ ከአሜሪካ ሜዳ ነው አሉ። እዚያ መሬቱን ቆፍረው፣ እንደ ሰው ሰፈር ሰፈር ተከፋፍለው፣ ቁጥር ስፍር የላቸውም። እዚህ ቶር ፒኛታራ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግን ሁለት ነበሩ፣ እህትማማቾች። ቢስኮቶና ኖቼ። ስም ያወጣችላቸው የልጅ ልጄ ደሊና ናት። ከከተማ ውጭ ከሚያረባ ሰው ገዝታ አመጣቻቸው፤ ጥቂት ወር ተጫወተችባቸውና ለትምህርት ቦሎኛ ሄደች። አይጦቹ የት ቀሩ? እኔ ክፍል። አልጋዬ በአንዱ ግድግዳ፣ ከቁም ሣጥን የሚበልጠው የሽቦ ቤታቸው በሌላው ግድግዳ።

ደሊና ከመሄዷ በፊት ቁም ሣጥኑ ላይ ካሜራ አስቀመጠች። ቦሎኛ ሆና በስልኳ ታያቸዋለች፤ ስታወራቸውም ድምፅዋ በካሜራው ይመጣል። ዳዊቴን ይዤ አልጋዬ ላይ ቁጭ ባልኩበት ድንገት ከጣሪያ ሥር «አሞሬ፣ ቢስኮቶ»፣ ፍቅሬ ማለቷ ነው፣ የሚል ድምፅ ሲወርድ በመጀመሪያው ሰሞን አማትቤያለሁ። አንድ ጠዋት የደረቀ ሣር ልጨምርላቸው ጎንበስ እንዳልኩ ያው ድምፅ መጣ።

«ኖና፣ ትንሽ ገለል በይ። ኖቼን ጋርደሻታል።»

«ደህና አደርሽ ማለት ቀረ?»

«ቻው ኖና። አሁንም ጋርደሻታል።»

ኖና አያት ማለት ነው። እርስዎ ማለቱን እንኳ ትቼላታለሁ፤ እዚህ ነው ያደገችው። አይጥ ጋረድሽ መባልን ግን ከማንም ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ቢያንስ ቁልፌ በአንገቴ ነበረ። የቤቱን ቁልፍ ማተቤ ላይ፣ ከመስቀሌ ጎን ነው የማንጠለጥለው። የቆየ ልማዴ ነው። የስንት ጣልያን ቤት ቁልፍ በዚህ ማተብ ተሸክሜያለሁ። የፓሪዮሊዋ ሲኞራ ለገዛ ባሏ እህት የከለከለችውን ቁልፍ ለእኔ ሰጥታኛለች። ክፉ ሴት ነበረች፣ ነፍሷን ይማር፤ ግን ታምነኝ ነበር።

ሰኔ ላይ ሸዋንግዛው ሞተ ብለው ደወሉልኝ። ከከተማው ዳር ሮማኒና የሚኖር፣ ዘመድ የሌለው ሽማግሌ ነው። ባሌ ዑቕባሚካኤል ሲሞት የሬሳ ሣጥኑን በትከሻው ተሸክሞልኛል። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ልሂድ ወይስ ልቅር ተብሎ አይመከርም። ጥቁሬን ለበስኩ፣ ነጠላዬን ዘቀዘቅኩ፣ የአይጦቹን መቀርቀሪያ ጣልኩ፣ በሩን ቆልፌ ወጣሁ። ባልኮኔ የሚሉትን የበረንዳውን በር ለነፋስ ክፍቱን ትቼዋለሁ፤ በጠረናቸው ክፍሉ ይታፈናል። ትሬኒኖ የሚሉትን ትንሹን ባቡር፣ ሜትሮውን፣ አውቶቡሱን ይዤ ማንንም ሳልጠይቅ ደረስኩ። ስልኬን አጠፋሁት። ልቅሶ ቤት ስልክ አይጮኽም። አልቃሽ የሌለው ሬሳ ስለሆነም እዚያው አደርኩ።

በማግስቱ ስመለስ ልጄን ሲኒትን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አንድ ልጄ ናት፣ የደሊና እናት። ባሏ ጀርመን ገብቶ ቀርቷል፤ ስለ እሱ አላወራም። ዓይኗ አብጧል፣ ያደረችበትን ልብስ ነው የለበሰችው።

«የት ነበርሽ?»

«ልቅሶ።»

«ስልክ የለሽም?»

«ልቅሶ ነው እያልኩሽ።»

«ያልደወልኩበት ሆስፒታል የለም፣ እማዬ። ፖሊስ ጠርቻለሁ። ሞተሽ የትም ወድቀሽ መስሎኝ ነው ያደርኩት።»

«አልሞትኩም። የሞተው ሸዋንግዛው ነው።»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከዚያ ቢስኮቶም እንደሞተች ነገረችኝ። ከሽቦው ወጥታ፣ በባልኮኔው ሾልካ፣ ግቢው ድንጋይ ላይ ተከስክሳ ነው ያገኘቻት። ደሊና በስልክ እየጮኸች ታለቅሳለች። ካሜራው ያን ቀን ተበላሽቶ ኖሮ ምንም አላስቀረም። በሩን ማን ከፈተው? አሮጊቷ ናት። ሌላ ማን አለ?

ከሁለት ቀን በኋላ ሲኒት «ቁልፉን ላስባዛው» ብላ ማተቤን በገዛ እጇ ፈታችና ቁልፉን ወሰደችው። ክሩን መልሳ አሰረችልኝ፤ መስቀሌ ብቻውን ቀረ። በማግስቱ ወደ ሥራ ስትወጣ በሩ ከውጭ ሲዞር ሰማሁ። ቀጭ፣ ቀጭ። በራችን ሌባ እንዳይሰብረው ብረት የለበሰ ነው። ቁልፍ ከሌለህ ከውስጥም አይከፈትም።

ሲኒት ሥራዋ ባዳንቴ ነው። ፕራቲ የምትኖር የጣልያን አሮጊት ትጠብቃለች። ታጥባታለች፣ ታለብሳታለች፣ ደግፋ ወንዙ ዳር ታወጣትና ፀሐይ ታሞቃታለች። ማታ መጥታ ጫማዋን እያወለቀች «ዛሬ እስከ ድልድዩ ተራመደችልኝ፤ ካልተንቀሳቀሰች እኮ አለቀላት» ትለኛለች። እሰማታለሁ።

ሁለት እስረኞች ሆነን ቀረን፣ እኔና ኖቼ። እህቷ ከሞተች ወዲህ ሣሯን መብላት አቆመች። ድሮ አንዷ በኋላ እግሯ ትቆምና እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ትጮኻለች፤ ሌላዋ ወዲያው ተነሥታ እንደዚያው ታደርጋለች። አለሽ ወይ፣ አለሁ መባባል ይመስለኛል። አሁን ብቻዋን ተነሥታ ትጮኽና ትጠብቃለች። መልስ ሲጠፋባት ወደ ሽቦው ዞራ ብረቱን ትነክሳለች። የሚሰቀጥጥ ድምፅ ነው፤ ጥርስ በብረት ላይ፣ ቀኑን ሙሉ።

ደሊና ለእረፍት ስትመጣ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሟ፣ ብረት መንከሷን ካልተወች የጥርሷ ሥር ወደ ላይ ያድግና አፍንጫዋን ይዘጋዋል፣ ታፍና ትሞታለች አለች። ወፍራለችም፣ ቆሎ እንዳትሰጧት አለች። ያቺ ለእኔ ናት። ገብስ ቆሎ በመዳፌ ስሰጣት በካሜራ ታይቻለሁ። ምን ላድርግ? ዓይን ያለው ፍጡር ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እያየኝ ብቻዬን መብላት አላውቅበትም፤ እንደዚያ አላደግሁም። እሺ ብዬ ተውኩ። ከዚያ ወዲህ ቆሎዬን የምበላው ኩሽና ገብቼ ነው።

«ብቻዋን አይሆንላትም ነው የምትለው» አለች ደሊና። «ወይ ጓደኛ አምጡላት፣ ወይ ብዙ ወዳሉበት መልሷት አለች። ብቻውን የተዘጋበት ይሞታል አለች።»

ሲኒት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ወይኔ፣ ሲያሳዝን።»

እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሁለቱንም አየኋቸው። ቀና ብሎ ያየኝ የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኖቼ እንደ ልማዷ ተነሥታ፣ እጇን ዘርግታ ጮኸችና ዝም አለች። ዝምታው ሰለቸኝ። እኔም ከአልጋዬ ተነሥቼ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ራሴን ወደ ኋላ ጥዬ ጮኽኩላት። ደነገጠች። ደግማ ጮኸች፤ ደግሜ መለስኩላት። ደሊና ቦሎኛ ሆና አይታን ኖሮ በሳቅ ፈረሰች፤ ለጓደኞቿም ላከችው። ይሳቁ። ኖቼ በዚያው ዕለት ሣሯን በላች፤ እኔም ድምፄ ምን ያህል እንደ ዛገ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ቁልፉን መጠየቅ ግን አልተውኩም።

«ቁልፌ ተባዛ?»

«እማዬ፣ ደክሞኛል።»

«ቁልፍ ሠሪው ጥግ ላይ ነው። ከባልኮኔ ሆኜ ይታየኛል። ሲያዛጋ እንኳ አየዋለሁ።»

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ቁልፌን ነው የጠየቅኩሽ። መንገድ አልጠየቅኩሽም።»

«እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እወስድሽ የለ?»

«ትወስጂኛለሽ። አይጧንም ሐኪም ቤት ወስዳችኋታል።»

ገላዋን ልትታጠብ ገባች። ውኃውን ከፍታ እንደምታለቅስ አውቃለሁ። ብታለቅስም ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ቦርሳውም አብሯት ገብቷል።

ጥቅምት ላይ ነው የወደቅኩት። ፀሐይ ነበረና የባልኮኔውን በር ገርበብ አድርጌዋለሁ። ጋቢያኖ የሚሉት የባሕር ወፍ፣ ዶሮ የሚያህለው፣ አጥሩ ላይ አረፈና አንገቱን አስግጎ ኖቼን ያያት ጀመር። የሮማ ጋቢያኖ እርግብም አይጥም ይበላል። ኖቼ እንደ መጋዝ በሚቆራርጥ ድምፅ ጮኸች። መጥረጊያ አንሥቼ ስሮጥ ወለሉ ላይ የተበተነው ሣር አንሸራተተኝና በዳሌዬ ዘፍ አልኩ። ወፉ በረረ፤ እኔ ቀረሁ። ልነሣ ብል ወገቤ እንቢ አለ። ስልኬ ኩሽና ነው።

ኖቼ መጮኋን አላቋረጠችም። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ከቁም ሣጥኑ መጣ።

«ኖቼ፣ ምን ሆንሽ? ኖና፣ እዚያ ነሽ? እባክሽ አታስጮሂያት፣ ክፍል ውስጥ ነኝ።»

«ደሊና፣ ወድቄያለሁ» አልኩ። «ወድቄያለሁ፣ ልጄ።»

ካሜራው የሚያየው የሽቦውን ቤት ነው። እኔ ከአልጋው ሥር፣ ከዓይኑ ውጭ ነኝ። ለካ ጩኸቱ ረብሿት የስልኳን ድምፅ ዘግታዋለች። እኔ ስጠራት ትምህርቷን ትማራለች።

ከዚያ በሩ ተንኳኳ። ሲኞራ ኢቫና ናት፣ ከታች ያለችው ጎረቤታችን።

«ሲኞራ፣ ውሻው ምን ነካው?»

«ውሻ አይደለም» አልኩ ተኝቼ። «ወድቄያለሁ። መነሣት አልቻልኩም።»

«ክፈቺልኝና ላንሣሽ።»

«ተቆልፎብኛል።»

እጀታውን ስትሞክር ሰማኋት። «ማን ነው የቆለፈብሽ?»

ይህን መመለስ ከዳሌዬ ይልቅ አመመኝ። «ልጄ ናት» አልኩ። «ሥራ ሄዳ ነው።»

«ቁጥሯ?»

«ስልኬ ውስጥ ነው። ስልኬ ኩሽና ነው።»

«ማዶና ሚያ» አለችና እሳት አጥፊዎችን እጠራለሁ ብላ በደረጃው ወረደች። ሰው በበሩ ማዶ ቆሞ ሊረዳህ እየፈለገ፣ አንተ በዚህ በኩል ወለል ላይ ተኝተህ፣ መካከል ላይ የገዛ ቤትህ በር። ይህን ለጠላቴም አልመኝ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ኖቼ መጮኋን ተወችና ወደ በሯ መጣች። አፍንጫዋን በሽቦው አሾለከች፣ መቀርቀሪያውን በጥርሷ ያዘች፣ ወደ ላይ ነቀነቀችው። ወደቀ። ደግማ ያዘችው። ቀጭ አለና በሩ ተከፈተ። እኔ በወለሉ ላይ እንደ ጆንያ ወድቄ ሳቅኩ። ወርዳ መጣች፣ እጄን በጥርሷ ለቀም ለቀም አደረገችና ብብቴ ሥር ገብታ ተኛች። ልቧ እንደ ስፌት መኪና ይመታል።

ደሊና ከክፍል ወጥታ ስልኳን ብታይ የሽቦው ቤት ባዶ ነው። በዚያች ደቂቃ እናቷ ጋ ደወለች። ሲኒትም የፕራቲዋን አሮጊት ለጎረቤት ሰጥታ በታክሲ መጣች። ከእሳት አጥፊዎቹ ቀድማ ደረሰች። ቀጭ፣ ቀጭ። በሩን ከፍታ ስትገባ የመጀመሪያ ቃሏ «ባልኮኔው ክፍት ነው? ኖቼ ወጣች?» ነው። ከዚያ እግሬን አየችው።

ለአይጧ መጣች፣ እኔን አገኘች።

አጥንቴ አልተሰበረም፤ ዳሌዬ እንደ ድጅኖ ጠቁሮ ከረመ እንጂ። ከሆስፒታል ስንመለስ ደሊና በስልኳ የላከችውን ፊልም ሲኒት እንዳየችው ፊቷ ተለዋወጠ። ካሜራው በዚህ ጊዜ ሁሉንም አስቀርቶታል። ጥርሱንም፣ መቀርቀሪያውንም።

«ራሷ ናት የምትከፍተው» አለች ሲኒት።

«እኔ ምን ብዬሽ ነበር?»

«ይቅርታ፣ እማዬ። ያኔም ቢስኮቶ ራሷ ከፍታው ይሆናል።»

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን። ቁልፌን አምጪ።»

«አሁን? ከወደቅሽ በኋላ?»

«ስወድቅ ተቆልፎብኝ ነበር እኮ፣ ሲኒት። ሰው በራችን ላይ ቆሞ መግባት አቃተው።»

«ለኢቫና ቁልፍ እሰጣታለሁ።»

መጀመሪያ የሰማሁትን አላመንኩም። «ለኢቫና?»

«አንድ ነገር ከሆንሽ እንድትገባ።»

ለካ ነገሩ የአይጧ በር አልነበረም። በሩን አለመክፈቴ ታወቀ፣ ፊልም ተነሣ፣ ይቅርታም ተባልኩ፤ እስሩ ግን እንዳለ ነው። ጥፋት ሳይኖርብኝ የታሰርኩ እንደሆነ የሚፈታኝ ምንድን ነው?

ሲኒት ለኖቼ በር ትንሽ ጓጉንቸር ገዛች። ቁልፉን ከእኔ ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት ከተተችው። ካሜራውንም ወደ አልጋዬ አዞረችው፤ እሷም በስልኳ ታየኛለች። አሁን ኖቼን ጋረድሽ የሚለኝ የለም። ልብስ ስቀይር ነጠላዬን አለብሰዋለሁ፤ ወዲያው ስልኬ ይጮኻል።

«እማዬ፣ ካሜራው ምን ሆነ?»

«በርዶት ነው» እላታለሁ።

መጋቢት ላይ ደሊና ትምህርቷን ስትጨርስ ቤቱ ሰው ሞላው። የጣልያን ተማሪዎች ወግ ነውና ራሷ ላይ የአሎሮ ቅጠል አክሊል ደፍታለች፤ እኔ ስጎ ውስጥ የምጨምረውን ቅጠል። ከማኅበራችን ሴቶች መጥተዋል፣ ነፍስ አባታችን አባ አብሰሎም መጥተዋል። ከበላን በኋላ መዓዛ፣ የማኅበራችን ጸሐፊ፣ አንገቷን ወደ ክፍሌ አስግጋ «ያቺ አይጣችሁ የታለች?» አለች። «ከእሷ ጋር ፎቶ ልነሣ ነበር።»

የሽቦው ቤት ባዶ ነው። ደሊና በዚያው ጠዋት ለሚያረባው ሰው መልሳታለች።

«ሜዳ አለው» አለች ሲኒት ለሴቶቹ፣ ድስቱን እያነሣች። «አጥር የታጠረ ሰፊ ሜዳ። እንደሷ ያሉ ብዙ አሉበት፣ መሬቱን ይቆፍራሉ፣ ይሯሯጣሉ። እዚህ ብቻዋን ተቆልፎባት አንጀቴን ነው የበላችው። ፍጡር እኮ ናት፤ እንደዚያ ሆኖ አይኖርም።»

«እውነት ነው፣ ኃጢአትም ነው» አለች መዓዛ።

ኖቼን ስትሄድ ቆሎ አስቋጥሬያታለሁ፤ ሐኪሟ የራሷ ጉዳይ። ያ ሰው መሬት ላይ ሲያሳርፋት ደሊና በስልክ አሳይታኛለች። ብዙዎቹ ከበቧትና አፍ ለአፍ ነካኳት። አንዱ ተነሥቶ፣ እጁን ዘርግቶ ጮኸ። እሷም ተነሣች። እዚህ ቦታ ላይ ስልኩን ለደሊና መለስኩላት።

አባ አብሰሎም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ምርቃቱ የእማማ ጽጌረዳ ነው። ከእርስዎ በላይ የሚመርቅ እዚህ የለም፤ ልጅቷን ይመርቁልን።»

ሁሉም ተነሡ። ደሊና መጥታ እግሬ ሥር ተንበረከከች፣ ቅጠሏ ጉልበቴን ኮረኮረው። ሴቶቹ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አሜን ለማለት ቆሙ። ሲኒትም ዘርግታለች፤ ድስቱን እንኳ አስቀምጣ ነው። እኔ እጆቼን ጭኔ ላይ እንዳሉ ተውኳቸው።

«እማዬ» አለች ሲኒት በዝግታ፣ «እየጠበቁሽ ነው።»

«እኔም ከሰኔ ጀምሮ ስጠብቅሽ ነው የኖርኩት።»

«ምኑን?»

«ታውቂዋለሽ።»

«ሰው ፊት አይሆንም፣ እማዬ። በኋላ እንነጋገራለን።»

«በኋላ ሲሄዱ በሩን ማን ይዘጋል? አንቺ። ስለዚህ አሁን ነው የምንነጋገረው፣ ሰው ፊት። አባ፣ ይስሙልኝ። ይህች ልጄ አይጧ ተቆልፎባት አንጀቷን በላችው። እኔ ከሰኔ ጀምሮ በዚህ ቤት ተቆልፎብኛል።»

የተዘረጉት እጆች አየር ላይ ቀሩ። መዓዛ ወለሉን አየች። አባ አብሰሎም ወደ ሲኒት ዞሩ። ሲኒት እጆቿን አወረደች።

«ብትወድቂስ? ብትጠፊስ? እንደዚያን ሌሊት ሞተሽ መስሎኝ ስዞር ባድርስ?»

«እወድቃለሁ። አንድ ቀንም እሞታለሁ፤ ያኔ ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ ትመጫለሽ። እስከዚያ ግን ስወጣ የት እንደምሄድ እነግርሻለሁ፣ ልቅሶም ቢሆን ስልኬን አላጠፋም። ይህን እሰጥሻለሁ። ከዚህ በላይ አልሰጥም።»

ነጠላዬን ከአንገቴ ገለጥ አድርጌ ማተቤን ወደ ፊት ሳብኩት። መስቀሌ ብቻውን ተንጠልጥሏል።

«ምርቃቱ አለ፣ አፌ ላይ ነው። የደሊናም ያንቺም። ቦርሳሽን አምጪ፣ ሲኒት፤ በወሰድሽበት እጅሽ ቁልፌን እዚህ እሰሪልኝ፤ ከዚያ እመርቃለሁ።»